ያገለገለ ኦቶሞቢል በጥቂት ገንዘብ ስለ መግዛት

ልጁን አስተምሮ ለዲግሪ ያበቃ ነጋዴ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ሌላ ጥያቄ ይቀርብለታል። ልጁ ሥራ ይዞ ደመወዝ መቀበል እንደ ጀመረ ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ መኪና ነውና። ያጠራቀመው ገንዘብ ጥቂት ስለሆነ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ይጨመርለታል፤ ዕቁብ ቀድሞ እንዲደርሰው ይለመንለታል፤ የጐደለውንም ከባንክ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ የቍጠባና የብድር ማኅበር ይበደራል። እንዲህ ሆኖ የተሰበሰበው ገንዘብ የአንድ ሰው ሳይሆን የአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ቍጠባ ነው። ስለዚህ መኪናው በተገዛ በሦስተኛው ወር ጋራዥ ገብቶ ቢቀር፣ ወይም የሌላ ሰው ዕዳ ያለበት ሆኖ ቢገኝ፣ ጕዳቱ በልጁ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ለሱቁ ዕቃ መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ ጭምር ይነካል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። ያገለገለ መኪና ዋጋ ማለት ሻጩ የሚጠራው ገንዘብ አይደለም፤ መኪናው ተገዝቶ፣ ወረቀቱ ተስተካክሎ፣ የጐደለው ተሟልቶ፣ የመጀመሪያውን ዓመት በሥራ ላይ እስኪፈጽም ድረስ የሚወጣው ገንዘብ ጠቅላላ ድምር ነው። ይህን ደንብ ለአስመጪ ማስተማር አያስፈልግም። ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ በፋክቱሩ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ብቻ አይቶ ትርፉን አያሰላም። የመርከብ ኪራዩን፣ የመድን አረቦኑን፣ የጂቡቲን ወደብ ወጪ፣ ቀረጡንና ታክሱን፣ የጭነት መኪና ኪራዩን ደምሮ ዕቃው መጋዘን ሲገባ በስንት ብር እንደሚቆምበት ያውቃል። ይሁን እንጂ ይኸው ነጋዴ ለልጁ መኪና ሲገዛ ብዙ ጊዜ ይህን መልካም ልማዱን ይተወዋል፤ ደላላው ከጠራለት ዋጋ ላይ ጥቂት ካስቀነሰ እንዳተረፈ ይቈጥራል።

ገበያው ያለበት ሁኔታ

በቅርብ ዓመታት የሆኑ ሦስት ነገሮች ያገለገለ መኪና ገበያን ለውጠውታል። አንደኛ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ፣ ይልቁንም ዕድሜያቸው በገፋው ላይ፣ እጅግ ከባድ ታክስ ጣለ። ሁለተኛ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ሦስተኛ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ አገር ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

የእነዚህ ሦስት ነገሮች ውጤት ግልጽ ነው። በአገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ እንጂ በሌሎች በቀላሉ አይተኩም። በዚህም ምክንያት መኪናው ዓመት ሲጨምር ዋጋው ይቀንሳል የሚለው የቀድሞ ልማድ በብዙ ቦታ ተዛብቷል። ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ደግሞ ከዶላሩ ጋር አብሮ ይወደዳል። እንግዲህ የዛሬው ገዥ ዕድሜው የገፋ መኪና በከፍተኛ ዋጋ ስለሚገዛ የሚሠራው ስሕተት ከቀድሞው ይልቅ ውድ ሆኖ ይከፈለዋል ማለት ነው።

ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ ስላለማወቁ

በአሜሪካኖች የዘወትር አነጋገር ጕድለቱ ተሰውሮ የተሸጠ መኪና «ሎሚ» ይባላል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1970 ስለዚሁ ስለ «ሎሚ» ገበያ ያወጡት ጽሑፍ ስማቸውን አስጠርቶ፣ በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር በኢኮኖሚ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ለመሆን አብቅቷቸዋል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ሻጩ የመኪናውን ጠባይ ያውቃል፤ ገዥው አያውቅም። ገዥው መልካሙን ከክፉው ለመለየት ስላልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይፈቅዳል። በመካከለኛ ዋጋ ደግሞ መልካም መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ብሎ ይመለሳል፤ ክፉ መኪና ያለው ግን ደስ ብሎት ይሸጣል። በዚህ ዐይነት ክፉው መልካሙን ከገበያ እያስወጣ ይሄዳል።

ሊቁ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ብለው ከጠቀሷቸው ነገሮች መካከል ሻጩ የሚሰጠው ዋስትናና የታወቀ የንግድ ስም ይገኙበታል። በእኛ ገበያ ከግለሰብ ለሚገዛ ሰው እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ስለማይገኙ፣ የሚቀረው መንገድ ሻጩ የሚያውቀውን ያህል ለማወቅ መድከም ብቻ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ያባቶች ቃል እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል።

ሒሳቡ እንዴት እንደሚያዝ

በእኛ አስተያየት ጥቂት ገንዘብ ያለው ገዥ በእጁ ካለው ከያንዳንዱ 100 ብር ለመኪናው መግዣ ከ80 ብር በላይ ማውጣት አይገባውም። የቀረው 20 ብር ለስም ማዛወሪያ፣ ለመድን፣ ለዓመታዊ ምርመራና መኪናው በገባበት ወር ለሚደረግ እድሳት ይቀመጣል። ገንዘቡን በሙሉ ለሻጩ አስረክቦ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው፣ የመጀመሪያው ብልሽት ሲደርስበት ወይ በብድር ይጠግናል፣ ወይ ብልሽቱን ችላ ብሎ ይነዳል። ትንሹን ብልሽት ወደ ትልቅ የሚያደርሰው ደግሞ ይህ ችላ ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ሁለት መኪኖች ለገበያ ቀረቡ እንበል። ቍጥሮቹ የሒሳቡን መንገድ ለማሳየት ብቻ የተመረጡ ናቸው። አንደኛው መኪና 900,000 ብር ይባላል፤ ቀለሙ አዲስ፣ ወንበሩ የለበሰ ነው። ነገር ግን መካኒክ ሲያየው አራት ጎማ በ60,000 ብር፣ ፍሪሲዮን በ45,000 ብር፣ ፍሬንና አሞርዛተር በ55,000 ብር፣ የሞተር ውሃ ማፍሰሻ ጥገና በ70,000 ብር እንደሚያስፈልገው ይናገራል። ይህ ሲደመር 230,000 ብር ስለሚሆን መኪናው 1,130,000 ብር ላይ ይቆማል። ሁለተኛው መኪና 1,000,000 ብር ይባላል፤ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ወንበሩም ያረጀ ነው። ሆኖም ባለቤቱ በየጊዜው ያስጠገነበትን ደረሰኝ ይዟል፤ የሚያስፈልገውም ዘይት፣ ካንዴላና ቺንጋ መለወጥ ሆኖ 30,000 ብር ይበቃዋል፤ ጠቅላላ ዋጋውም 1,030,000 ብር ነው። እንግዲህ በጥሪ ዋጋ 100,000 ብር ውድ የነበረው በጠቅላላ ዋጋ 100,000 ብር ርካሽ ሆኖ ተገኘ።

የመኪናው ዐይነት አመራረጥ

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ለረጅም ዘመን የኖሩትን መኪኖች ብናስታውስ አንድ ትምህርት እናገኛለን። ቮልስዋገን፣ በታክሲነት የታወቀችው ፊያት ሰይቼንቶ፣ ከእርሷም በኋላ ላዳ፣ ቀጥሎም ቶዮታ ኮሮላ በየዘመናቸው የሕዝብ መኪና የሆኑት ከሁሉ የበለጠ ውበት ስለነበራቸው አይደለም። አሠራራቸውን የሚያውቅ መካኒክ በየሰፈሩ፣ መለዋወጫቸውም በየሱቁ ስለሚገኝ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ውስን የሆነ ገዥ በከተማው በብዛት የሚነዳውን ዐይነት ይምረጥ። ብርቅ የሆነ መኪና ሲገዛ ይረክሳል፤ ሲበላሽ ግን መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ ባለቤቱን እግረኛ ያደርገዋል።

መኪናውን ከማየቱ በፊት ገዥው ሶማሌ ተራ ወርዶ የአምስት ዕቃዎችን ዋጋ ቢጠይቅ ብዙ ይጠቀማል፤ እነርሱም የፍሪሲዮን፣ የራዲያተር፣ የአሞርዛተር፣ የፍሬን ሸራና የፊት መብራት ናቸው። ዕቃው በብዙ ሱቅ ካለ፣ ዋጋውም ከሱቅ ሱቅ ብዙ የማይለያይ ከሆነ መልካም ምልክት ነው። ባለሱቁ «ከዱባይ ይታዘዝልሃል» ካለው ያን ዐይነት መኪና ቢተወው ይሻላል።

አመራመር

የጥንት ሰው በቅሎ ሲገዛ የባለቤቷን ቃል ብቻ አይቀበልም ነበር። ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ኮቴዋን አንሥቶ ያያል፤ ጭና ሽቅብና ቍልቍል አስኪዶ ይመለከታታል። መኪናም በዚሁ ሥርዐት መመርመር ይገባዋል።

ጥርሱን ስለማየት። ብዙ ገዥ የሚያምነው የኪሎ ሜትር ቈጣሪውን ነው፤ ቈጣሪው ግን በጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። የማይዋሸው የሰው እጅና እግር የነካው ነገር ነው። ቈጣሪው 70,000 ኪሎ ሜትር እያለ የፍሬኑ መርገጫ ጎማ ተልጦ፣ መሪው ለስልሶ፣ የነጂው ወንበር ጠርዝ ረግቦ ከተገኘ ቈጣሪውን መጠራጠር ነው። ጎማውም ዕድሜውን ይናገራል። በጎኑ ላይ ከታተሙት ምልክቶች መጨረሻ አራት አኃዝ ይገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የአውሮጳውን ዓመት ያመለክታሉ። 2319 ተብሎ ቢጻፍ ጎማው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው።

አካሉን ስለማየት። መኪና በዝናብና በማታ አይታይም፤ ውሃ ጕድፉን፣ ጨለማ ስቱኮውን ይሸፍናልና። በቀን ብርሃን ከጎን ሆኖ ላሜራው የሚያንጸባርቀውን ብርሃን መከተል ነው፤ ብርሃኑ በሚጣመምበት ቦታ የተመታ ነገር አለ። ኮፈኑን ከፍቶ የፓራፋንጎዎቹን ብሎኖች ማየት ደግሞ ይጠቅማል፤ ቀለማቸው የተላጠ እንደሆነ ተፈትተው ነበር። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ሲገጥም የመሪውን ሥር፣ የፍሬኑን ማያያዣና የኤሌክትሪክ ገመዱን የሚያውቅ መካኒክ ሳያየው አይገዛም።

ሞተሩን ስለማስነሣት። ሻጩ አስቀድሞ እንዳያሞቀው ማስጠንቀቅና ማለዳ በብርዱ ማስነሣት ነው፤ ብዙ ሕመም በሞቀ ሞተር ይሰወራልና። ከማርሚታው የሚወጣውን ጢስ መመልከት ያስፈልጋል። ሰማያዊ ጢስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ፣ ጥቁር ጢስ ነዳጅ እንደሚበዛበት ያመለክታል። በማለዳ ብርድ ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ነጭ እንፋሎት አያስፈራም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጢስ የማያቋርጥ ከሆነ፣ የራዲያተሩም ውሃ እየጐደለ ከሄደ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አይቀርም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ወተት የመሰለ ድልህ ቢገኝ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል የሚያሰኝ ነውና ያለ መካኒክ ቃል ወደ ዋጋ አይገባም።

ሽቅብ ስለማስኬድ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በቈላ ከሚሰጠው ጕልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ስለዚህ የደከመ ሞተር በደልዳላ መንገድ ቢያታልል፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ላይ ራሱን ያጋልጣል። በዚያው ጕዞ የሙቀት መለኪያውን መመልከት ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በራዲያተር ውስጥ ሳይፈላ የሚያቆየው በክዳኑ የታፈነው ግፊት ነው። በርካሽ የሚለወጠው የራዲያተር ክዳን ሲደክም በብዙ ገንዘብ የሚጠገነውን ሞተር ያቃጥላል። ቍልቍለቱን ሲመለሱ ደግሞ ፍሬኑ መኪናውን ወደ አንድ ወገን የሚስበው መሆን አለመሆኑ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ገዥው ራሱ የመረጠውን መካኒክ ከፍሎ ያስመርምር። ሻጩ ወይም ደላላው የሚያመጣው መካኒክ የሚናገረው ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ለምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው። «መካኒክ አይነካውም» የሚል ሻጭ ቢያጋጥም ደግሞ መልሱን በነጻ ስለ ሰጠ አመስግኖ መሄድ ነው።

የወረቀቱ ምርመራ

ሞተሩ የታመመ መኪና ይጠገናል፤ ወረቀቱ የታመመ መኪና ግን ገንዘቡን ጨርሶ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቀብድ ከመሰጠቱ በፊት የሚከተሉት ይታዩ።

1ኛ. በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቍጥር በመኪናው ላይ ከተመታው ጋር በአንድ በአንድ ይመሳከር። የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም እንደገና የተመታ የሚመስል ቍጥር ከተገኘ ውሉ ይቅር።

2ኛ. መኪናው በባንክ መያዣ፣ በፍርድ ቤት እገዳ ወይም ባልተከፈለ ቅጣት የተያዘ አለመሆኑ ተሽከርካሪው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ፋይል ይጣራ። የሻጩ ቃል ለዚህ አይበቃም።

3ኛ. መኪናው ከቀረጥ ነጻ የገባ እንደሆነ፣ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡና ታክሱ እንደሚከፈል መታወቅ አለበት። ርካሽ የመሰለው ዋጋ ምስጢሩ አንዳንድ ጊዜ ይህ ነው።

4ኛ. በውክልና ብቻ መኪና ተረክቦ ስም ሳያዛውሩ መንዳት እጅግ አደገኛ ነው። ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራል፤ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ስሙ ባለመዛወሩም መኪናው በሻጩ ዕዳ ሊያዝ ይችላል። ውሉ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በሚባለው መሥሪያ ቤት ፊት ይፈጸም፤ ስሙም ወዲያው ይዛወር።

5ኛ. ዓመታዊው ምርመራና የሦስተኛ ወገን መድን ያልተቃጠለ መሆኑ ይታይ። ይህ መድን በአዋጅ ቍጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ የሚሸፍነውም በሌላ ሰው ላይ የሚደርሰውን ጕዳት እንጂ የራስን መኪና እንዳልሆነ አዲስ ነጂ ይወቅ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዥው የተረከበውን ዕቃ በተቻለ ፍጥነት እንዲመረምር፣ ጕድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሲዋዋል ያወቀውን ጕድለት ግን በኋላ ምክንያት አድርጎ ሊከራከርበት አይችልም። ስለዚህ ሻጩ «ይህን አላውቅም፣ ይህ የለበትም» ብሎ በቃሉ የሚያረጋግጠው ነገር በውሉ ላይ ቢጻፍ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጥቂት ቃል

የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ በመሄዳቸው ያገለገሉትም ለገበያ መቅረባቸው አይቀርም። በእነዚህ መኪኖች ዘንድ የዋጋው ዋና ክፍል ባትሪው ነው። የሞተር ጢስና ዘይት የላቸውም፤ ዋና ሕመማቸው ግን ባትሪው ከመጀመሪያ ዐቅሙ ስንት በመቶ እንደ ቀረለት በኮምፒዩተር በማስመርመር ይታወቃል። ባትሪውን ሞልቶ በታወቀ መንገድ ላይ መንዳትና ምን ያህል ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ ማየትም ይጠቅማል። የፋብሪካው ዋስትና በኢትዮጵያ የሚያገለግል መሆኑ ይጠየቅ፤ በቤት መሙያ የሚሆን ቈጣሪና መስመር መኖሩም ከግዢው በፊት ይታሰብ።

ለሻጮችና ለመለዋወጫ ነጋዴዎች

እስካሁን የተናገርነው ለገዥው ቢሆንም፣ መኪና ለሚሸጡና መለዋወጫ ለሚነግዱ አንባቢዎቻችን ደግሞ የሚጠቅም ነገር አለበት። ከላይ እንደተገለጸው ያገለገለ መኪና ገበያ የሚታመመው ገዥው መልካሙን ከክፉው መለየት ሲያቅተው ነው። ስለዚህ የጥገናውን ደረሰኝ በቅደም ተከተል የያዘ፣ መኪናውን ለገዥው መካኒክ የሚከፍት፣ ለጥቂት ወራት እንኳ በጽሑፍ ኀላፊነት የሚወስድ ሻጭ፣ መልካም መኪናውን በመካከለኛ ዋጋ ለመሸጥ አይገደድም። መለዋወጫ የሚነግደውም እውነተኛውን ከተመሳሳዩ ለይቶ፣ ስሙን በደረሰኝ ላይ አስፍሮ ቢሸጥ፣ ደረሰኙ ከመኪናው ጋር እየዞረ ለሱቁ ይመሰክርለታል።

ገዥውን ግን ለመጨረሻ ጊዜ የምናሳስበው አለመቸኰልን ነው። «ዛሬ ካልያዝከው ነገ ይወሰዳል» የሚለው የደላላ ቃል ለብዙ ቤተ ሰብ ውድ ሆኖ ተገኝቷል። አራት ወይም አምስት መኪና አይቶ፣ የያንዳንዱን ጕድለት በወረቀት ጽፎ፣ ጠቅላላ ዋጋውን አስልቶ የሚወስን ወጣት የሚያመልጠው መኪና ቢኖር እንኳ ገንዘቡ አያመልጠውም። አባቱም በመደብሩ ዘወትር የሚሠራበትን የሒሳብ መዝገብ ለዚህ ግዢ አንድ ገጽ ቢከፍትለት፣ ለልጁ ከሚጨምርለት ገንዘብ ያላነሰ ስጦታ ነው።